«ቦርዴን ላድስ ወይስ ልተወው?»

ደብዳቤው

«ጋሼ፣ ዓምድዎን እከታተላለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ46 ዓመት ሴት ነኝ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም። ሕክምና የተማርኩት እዚሁ ጂማ ነው። ከዚያ አሜሪካ ሄጄ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ጨረስኩ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካን የውስጥ ደዌ ቦርድ፣ ማለትም የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ ፈተናውን፣ አለፍኩ፣ ሜሪላንድ ሠራሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴን ስትሮክ ሲመታው ለሦስት ወር ብዬ መጣሁ፤ ይኸው ቀረሁ። አሁን ራውንድ አደርጋለሁ (የተኙ ሕሙማንን እየዞርኩ አያለሁ)፣ ሬዚደንቶች አስተምራለሁ።

ቦርዴ ዘንድሮ አስር ዓመት ይሞላዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ‹ካላደስሽ በሩን በገዛ እጅሽ ዘጋሽው› እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። አክስቴ ደግሞ ላፕቶፕ ከፍቼ ሳነብ ባየችኝ ቁጥር ‹ልትሄጂ ነው አይደል?› ትለኛለች፤ ይህን ስትል አባቴ አጠገባችን ነው፣ ይሰማል። ባልደረቦቼ ‹እዚህ ለማን ልታሳዪው ነው?› ብለው ይስቁብኛል። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁም። የመለማመጃ ጥያቄ ሞክሬ ብዙውን ስቼዋለሁ። የሚጠይቁኝ መድኃኒት እዚህ የለም፤ እዚህ የማየውን ደግሞ እነሱ አይጠይቁም። ላድስ ወይስ ልተወው?»

ዶክተር ነኝ፣ ከቆጪ

መልስ

ውድ እህቴ፣

በዕድሜ ሳልበልጥሽ ስለማልቀር «አንቺ» ልበልሽ። ጂማን አውቃታለሁ። እዚያ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲው ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በሚባልበት ጊዜ ነው፤ በ1975 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1992 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ሳይዋሃድ በፊት። መምህሮቻችን የመጽሐፉን ግማሽ ሳንጨርስ ገጠር ቀበሌ ይልኩን ነበር፤ ቤት ለቤት እየዞርን ሽንት ቤት እንቆጥር ነበር። ስለዚህ ቆጪ ስትዪኝ ሰፈሩ ከነክረምት ጭቃው ይታየኛል።

አጭሩ መልሴ፦ አድሺው። ግን ወንድምሽ በሚልሽ ምክንያት አይደለም።

ረጅሙን ለመመለስ መጀመሪያ ወረቀቶቹን መለየት አለብን። ደብዳቤሽ ውስጥ ቦርዱም፣ ላይሰንሱም (የማከም ፈቃዱ)፣ ያ ወንድምሽ የሚለው «በር»ም በአንድ ሙቀጫ ተወቅጠዋል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመ፣ የመንግሥት ያልሆነ ድርጅት ነው። ሰው እንድታክሚ የሚፈቅድልሽም የሚከለክልሽም እሱ አይደለም። እሱ የሚለው «ይህች ሐኪም በሙያዋ ተፈትና ደረጃውን አሟልታለች» ብቻ ነው። በሕግ አትገደጂም። በተግባር ግን ብዙ ሆስፒታልና ብዙ ኢንሹራንስ ያንን ስም ዝርዝር ሳያይ ውል አይፈርምም። እንደኛ መሥሪያ ቤት መዋጮ በይው፤ ማንም አያስገድድሽም፣ ዝርዝሩ ላይ ስምሽ ሲጠፋ ግን ሁሉም ያያል።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያበሳጭ ነገር አለ፤ ሳልናገረው አላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ1990 በፊት ያለፉ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ወረቀታቸው የዕድሜ ልክ ነው። እነሱ ርስት ይዘዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለፋችሁት ኪራይ ላይ ናችሁ። ርስተኛው አርጅቶ፣ ካነበበ ስንት ዘመኑ፣ ወረቀቱ አይነካበትም። ተከራዩ ግን በየጊዜው ውሉን ያድሳል፣ ይከፍላል፣ ይፈተናል። አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች በዚህም፣ በክፍያውም፣ በማሟያ ሥራው ብዛትም ተቆጥተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቦርዱ ራሱ ለሐኪሞቹ በጻፈው ደብዳቤ ተሳስተናል ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ይህን የምነግርሽ ስትናደጂ ብቻሽን እንዳልሆንሽ እንድታውቂ ነው። ንዴቱን ግን ላለማደስ ምክንያት አታድርጊው፤ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ሳለ በንዴት የሚሸፈን ነገር ብዙ አይቻለሁ።

ከዚያ ቁጣ በኋላ ነው አሁን የምነግርሽ መንገድ የመጣው። ምርጫሽ ሁለት ነው። የድሮው መንገድ በአስር ዓመት አንድ ጊዜ ፈተና ማዕከል ሄዶ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው ሲሆን በኢንተርኔት ነው፤ በየሩብ ዓመቱ 30 ጥያቄ፣ ለአምስት ዓመት። ድምሩ 600 ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 500ውን መሥራት አለብሽ። ለአንዱ ጥያቄ አራት ደቂቃ ይሰጥሻል፤ ለሚያስቸግርሽ ደግሞ በዓመት 30 ደቂቃ መጠባበቂያ አለሽ። መጽሐፍ መግለጥ ይቻላል፣ ኢንተርኔት ላይ መፈለግም ይቻላል፤ ክልክሉ ሰው መጠየቅ ነው። እንደመለስሽ ትክክለኛውንና ምክንያቱን እዚያው ታነቢያለሽ። በሂደቱ ውስጥ እስካለሽ ድረስ ቦርድሽ ይቀጥላል፤ አልፈሽ እንደሆነ የሚወሰነው አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ነው። በዚያው አምስት ዓመት 100 የትምህርት ነጥብ ማጠራቀም ይጠበቅብሻል፤ በትክክል የመለስሻቸው ጥያቄዎችም ከዚያ ውስጥ ይቆጠሩልሻል።

አንቺ ሁለተኛውን ያዢ። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፣ በፈረንጆቹ ዓመት አጋማሽ ላይ ይዘጋል፤ ስለዚህ «አስቤበት» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ሒሳቡን ሥሪው፦ 30 ጥያቄ ለአሥራ ሦስት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ነው። ሦስቱ ቢበዛ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይወስዳሉ። ጂማ ውስጥ ከአቦል እስከ ቶና ያለው ጊዜ ከዚያ ይረዝማል።

ስለ መብራት መቆራረጡ ደግሞ የምልሽ አለኝ። ጥያቄ ከከፈትሽ በኋላ ሰዓቱ አንቺን አይጠብቅም ብለሽ ያዢው። ላፕቶፑ ቻርጁ ሞልቶ፣ የስልክሽ ዳታ በመጠባበቂያነት ተገዝቶ፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው። ከሁሉ በላይ ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አትጀምሪ። ከአራቱ መዝጊያዎች አንዱ ሰኔ መገባደጃ ላይ፣ ሌላው መስቀል ባለፈ ሰሞን ይውላል። በሰኔ የጂማ ሰማይ ምን እንደሚሠራ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። «ብዙውን ስቼዋለሁ» ያልሽው መስመር ላይ ቆምኩ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ሳትከላከዪ የጻፍሽው እሱን ብቻ ነው።

የሳተ ሐኪም ዕውቀቱ አለቀ ማለት አይደለም። እንደውም አንቺ የሳትሽውን ማወቅሽ ከብዙዎቻችን ያስቀድምሻል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ የጥናቶች ግምገማ ሐኪሞች ስለ ራሳቸው ችሎታ የሚሰጡትን ግምት በውጭ ሰው ከተለካው ጋር አስተያይቶ ነበር። በአብዛኛው ንጽጽር ሁለቱ አልተገናኙም፤ ከሁሉ የራቁት ደግሞ ደካማ ሆነው በራሳቸው በጣም የሚተማመኑት ነበሩ። ሲኒየር ስትሆኚ ይህ ይብሳል። ጠዋት ሞርኒንግ ሴሽን ላይ ማን ይከራከርሻል? ኢንተርኑ ጥያቄ ቢኖረውም ይውጠዋል። ሬዚደንቱ አንገቱን ይነቀንቃል። አንቺም የተስማማ ይመስልሻል።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ፤ አልኮራበትም። ሙያ ፈቃዴን ለማደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ጎድሎኝ ስልጠና ገባሁ። አዳራሹን ታውቂዋለሽ፦ ከፊት ባነር፣ ከኋላ የሻይ ጠረጴዛ፣ በር ላይ የፊርማ ወረቀት። ጠዋት ፈረምኩ፣ የሻይ ዕረፍት ላይ ወጣሁ፣ ማታ ተመልሼ ፈረምኩ። ነጥቤን አገኘሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ራውንድ ላይ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) ይዞት የደም ግፊቱ የወረደ፣ ኤችአይቪም ያለበት ወጣት አልጋ አጠገብ ቆመን «ፍሉይዱን ልቀቁለት፣ ምን ትጠብቃላችሁ» ብዬ፣ በደም ሥር ፈሳሽ እንዲሰጡት፣ ቆጣ አልኩ። አንዲት ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት በጣም ዝግ ብላ «ዶክተር፣ የዛምቢያው ጥናትስ?» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ነው። እንዲህ ያሉ ከሁለት መቶ በላይ አዋቂ ሕሙማን፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን በፍጥነት ብዙ ፍሉይድና የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት የሚያዝዝ ፕሮቶኮል ተከተለላቸው። ሆስፒታል ውስጥ ሳሉ ከዚያ ወገን የሞቱት 48 በመቶ፣ እንደተለመደው ከታከሙት ደግሞ 33 በመቶ ናቸው። አልሰማሁም ነበር። «የት አነበብሽው?» አልኳት። ስልጠናው ላይ ሰምታው ነው፤ ያው እኔ ፈርሜ የወጣሁበት። እሷ እስከ ማታ ተቀምጣለች።

ለዚህ ነው አድሺው የምልሽ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ብትሰቅዪው ባትሰቅዪው ግድ የለኝም። አንቺን ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ ሳያፍርሽና ሳይፈራሽ የሚጠይቅሽ ነገር ያስፈልግሻል፤ ጂማ ውስጥ ደግሞ በማዕረግሽ ምክንያት እንዲህ የሚጠይቅሽ ሰው አታገኚም። ጥያቄ ሲበዛብሽ የምትማሪ አይመስልሽም፤ ማንበብ ይሻለኛል ትያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ይህንኑ ሞክረውባቸዋል፦ አንዱ ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፣ ሌላው አንብቦ ራሱን ፈተነ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የተፈተኑት ነበሩ ያልረሱት።

«እዚህ የሌለ መድኃኒት ይጠይቁኛል» ብለሻል። ግማሹን እቀበልሻለሁ። ጂማ ዋርድ ውስጥ የሚተኛውን ሰው ቦርዱ ባለበት ፊላደልፊያ ላይ ሆኖ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ አምስተኛ ዓይነት ብሎ ዕውቅና የሰጠው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘው ስኳር፣ ለአንቺ አዲስ ዜና አይደለም፤ ከስቶ ከገጠር የሚመጣውን፣ ኢንሱሊን የሚፈልገውን ግን ኬቶአሲዶሲስ (ደምን አሲድ የሚያደርገው የስኳር አደጋ) የማይገባውን ልጅ መጽሐፍ ስም ሳያወጣለት በፊት የኛ ሐኪሞች ያውቁታል። በዚህ በኩል አንቺ ነሽ እነሱን መጠየቅ ያለብሽ።

ግማሹን ግን አልቀበልሽም። የሪውማቲክ የልብ ሕመምተኞችሽን አስቢ፤ የልብ በሯ ጠቦ፣ ምቷ ተዛብቶ፣ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የምትውጠዋን የሃያ ስምንት ዓመት እናት። ከወረዳ ድረስ ለአይኤንአር (ደሟ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ) ምርመራ እየተመላለሰች ትሰለቻለች። አንድ ዘመድ ከውጭ ምርመራ የማይፈልገውን አዲሱን መድኃኒት፣ ሪቫሮክሳባን፣ ልኮላት ይዛ ትመጣለች። «ዶክተር፣ ይህን ልዋጥ?» ስትልሽ ምን ትያታለሽ? አዲስ ነው፣ ውድ ነው፣ ከአሜሪካ ነው፤ ማንም «ይሻላል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ግን ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ እንደሷ ያሉ ሕሙማንን ይዞ ተቃራኒውን አሳየ፤ በአሮጌው መድኃኒት የታከሙት ላይ ሞት ያነሰ ነበር፣ የደም መፍሰስም አልበዛባቸውም። አሮጌው ትክክል መሆኑን ለማወቅ አዲሱን ማንበብ ነበረብሽ። እዚህ የሌለ መድኃኒት የምትዪውም ቢሆን ከሦስት ዓመት በኋላ በሻንጣም ቢሆን ጂማ ይደርሳል። ሲደርስ የሚጠይቁት አንቺን ነው።

ባልደረቦችሽ «ለማን ልታሳዪው ነው» ማለታቸው ብዙ አያስጨንቀኝም። የሚስቁት እነሱም ስለፈሩ ነው፤ ሬዚደንሲ ጨርሶ «ተገላገልኩ» ያለ ሰው ሌላው ደብተር ሲያወጣ ሲያይ ይቆጣዋል። ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ጥያቄዎቹን ለሬዚደንቶችሽ አታንብቢላቸው፣ ስክሪኑን ፎቶ አታንሺ፣ በቴሌግራም ግሩፕ አትላኪ። የቦርዱ ንብረት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦርዱ የፈተና ጥያቄ አሳልፈው ሰጥተዋል ወይም ጠይቀዋል ያላቸውን ከመቶ በላይ ሐኪሞች ቀጥቷል። የኛ ሰው ደግሞ ቸር ነው፤ «ለሁላችን ይጥቀም» ብሎ ራሱን ያስይዛል። ርዕሱን ግን ማንም አይከለክልሽም። የሳትሽው ስለ ታይሮይድ ከሆነ የሐሙሱን ሴሚናር ስለ ታይሮይድ አድርጊው። «ትናንት ይህን ስቻለሁ» ብለሽ ብትጀምሪላቸው ደግሞ ሲኒየር እንዲህ ሲል ሰምተው ስለማያውቁ አይረሱትም።

ወንድምሽ። እሱ ስለ በር ያወራል፤ በሩን ግን አላወቀውም። ቦርድሽ ቢያልፍበት ስምሽ ፊት ለፊት በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ «ማረጋገጫ የላትም» ተብሎ ማንም ሊያየው ይችላል፤ ይህ ደስ አይልም። ግን ዕድሜ ልክ የሚዘጋ በር አይደለም፤ የጎደለሽን አሟልተሽ፣ ያንን የሙሉ ቀን ፈተና አልፈሽ ትመልሺዋለሽ። የሚያስቸግረው ሌላው ነው፤ የሜሪላንድ ላይሰንስሽ። ሰው እንድታክሚ የሚፈቅድልሽ እሱ ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፣ ለማደስም በእነዚያ ሁለት ዓመታት 50 ሰዓት ዕውቅና ያለው ተከታታይ ትምህርት መያዝ አለብሽ። በደብዳቤሽ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳሽውም። መቼ ነው የሚያልቀው? ዛሬ ማታ ፈልጊው። አንድ ቀን ተመልሰሽ ለመሥራት ብታመለክቺ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁሽ «ባለፉት ሁለት ዓመታት ሕመምተኛ አይተሻል ወይ» ነው። አይተሻል፤ ምናልባት በሜሪላንድ ከምታዪው እጥፍ። ግን ማስረጃው የት አለ? በየዓመቱ መጨረሻ ከዲፓርትመንትሽ የሥራ ደብዳቤ አስጽፊ፦ ስንት ወር ዋርድ፣ ስንት ቀን ተመላላሽ ክሊኒክ፣ ማኅተም ያለበት፣ በእንግሊዝኛ። ኃላፊው በተቀየረ ቁጥር ያለፈውን ማስጻፍ ምን እንደሆነ እዚህ የኖርሽባቸው ሁለት ዓመታት አስተምረውሻል ብዬ አስባለሁ።

ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ከሆነ ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ቆጥቦ ዶላር መክፈል ቀልድ ሆኗል። እዚያ የቀረሽ ሒሳብ ካለሽ ከሱ ክፈዪ። ከሌለሽ ደግሞ ወንድምሽ በየሳምንቱ ለስልክ የሚያወጣውን ለቦርዱ ያውጣ። ይህን በለሰለሰ ቃል ንገሪው፣ ግን ንገሪው። ገንዘብ ያወጣ ሰው ምክሩ ያጥራል።

እንግዲህ አክስትሽ። እዚህ ላይ እንደ ሐኪም መናገር አልችልም።

«ልትሄጂ ነው አይደል?» ስትልሽ ምን እንደምትመልሺላት አልጻፍሽልኝም። ዝም የምትዪ ይመስለኛል። ወይ «ኧረ ዝም ብዬ ነው» ብለሽ ላፕቶፑን ትዘጊያለሽ። ያ ነው የሚያስፈራቸው። የተደበቀ ነገር ሁሉ ሻንጣ ይመስላል። አባትሽ ደግሞ ስትሮክ የመታው ሰው ነው፤ አንደበቱ ይታዘዘው አይታዘዘው አላውቅም፣ ጆሮው ግን እንዳልሽው ይሰማል። ሊጠይቅሽ የማይችለውን አክስትሽ እየጠየቀችለት ይሆናል።

ላፕቶፑን ጓዳ ይዘሽ አትግቢ። ሳሎን፣ እሱ አጠገብ፣ ቡናው በሚፈላበት ሰዓት ክፈቺው። «ይህ የሥራዬ ፈተና ነው፤ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ በየሳምንቱ እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው» በያቸው። ይህ ውሸት የለበትም። «መቼም አልሄድም» አትበይ፤ እንደዚያ ያለ ቃል ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይበላሻል፣ አንቺም አታውቂውም። የምታውቂውን ብቻ ስጫቸው፦ ዘንድሮ እዚህ ነኝ፤ ለመሄድ ባስብ መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። አክስትሽ ለመጀመሪያ ሳምንት ታኮርፋለች። በሁለተኛው «ስንት አገኘሽ?» ትልሻለች።

አሁን ቅር እንዳይልሽ፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ የሚፈልገው አለ፣ አክስትሽ የምትፈልገው አለ፣ ባልደረቦችሽም አሉ። አንቺ የምትፈልጊው የለም። «ለሦስት ወር ብዬ መጣሁ፤ ይኸው ቀረሁ» ብለሽ አልፈሽዋል፣ ዝናብ ተጠልላ እንደቀረች ሴት። ሁለት ዓመት ሙሉ ራውንድ ያደረገች፣ ሬዚደንት ያስመረቀች ሴት እንዲያው አትቀርም፤ አንድ ቦታ ላይ ወስናለች፣ ለራሷ ግን አልነገረችም። ቦርዱን በዝምታ ማሳለፍ ያንን ውሳኔ ቀን እንዲወስንልሽ መተው ነው። «አልሄድም ማለት ነው፣ ወረቀቱ አልፎበታላ» እንድትዪ። ማደሱም እንደዚሁ መሸሸጊያ ሊሆንሽ ይችላል፤ «በሩ ክፍት ነው» እያልሽ አንድ እግርሽን ጂረን ዳገት ላይ፣ አንድ እግርሽን ዱለስ ኤርፖርት አድርገሽ ሌላ አስር ዓመት ልትቆሚ ትችያለሽ። ስለዚህ አድሺ ስልሽ ጥያቄው ተመለሰ አልልሽም። ጥያቄውን ከወረቀቱ ላይ አንሺው ነው የምልሽ። ፈተናው ፈተና ይሁን። መኖሪያሽን ደግሞ ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ ከአንድ ከምታምኚው ሰው ጋር፣ ከስልኩ ርቀሽ አስቢው። እኔ ብሆን አዌቱ ወንዝ ዳር ትንሽ እራመድ ነበር፤ ክረምት ካልሆነ።

ልጨርስ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቸኩለው ደግሞ ይህ ነው። ሜሪላንድን አንስተናል፣ ቦርዱን አንስተናል። ዛሬ ጠዋት ዋርድ ውስጥ ያየሻቸውን ሰዎች ያየሻቸው ግን በየትኛውም የአሜሪካ ወረቀት አይደለም፤ በኢትዮጵያ የሙያ ፈቃድሽ ነው። እሱም ቀን አለው፣ እሱም በሲፒዲ ነጥብ ነው የሚታደስ። የአሜሪካው ትምህርቴ በራሱ ይቆጠርልኛል ብለሽ አትተኚ፤ የክልሉ ጤና ቢሮ የሙያ ፈቃድ ክፍል ሄደሽ የትኛውን እንደሚቀበሉ፣ ስንት ነጥብ እንደቀረሽ ጠይቂ፣ ዕውቅና ያለው ስልጠና የሚሰጠው የት እንደሆነ ከዩኒቨርሲቲው አጣሪ። ስልጠናው ላይ ደግሞ እስከ ማታ ተቀመጪ። በደብዳቤሽ የኢትዮጵያ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያልቅ አልጻፍሽልኝም። መቼ ነው?